«አረጋግጥ» የሚለው ቁልፍ እስኪመጣ

የወንድሜን ልጅ መሥሪያ ቤት ውስጥ «እመት ቆይ» ይሏታል። ስሙ የወጣላት ከስልኮች ጋር ስትጨቃጨቅ ነው። ሥራዋ የሞባይል መተግበሪያ መፈተሽ ሲሆን የምትፈትሸው በጣቷ ሳይሆን ከሌሎች በተረከበችው ፕሮግራም ነው። ጠረጴዛዋ ላይ ስድስት ስልኮች በገመድ ተያይዘው ተደርድረዋል፤ ሰው ሳይነካቸው ይከፈታሉ፣ ይጻፍባቸዋል፣ ቁልፎቻቸው ይጫናሉ። ጣጣው ፕሮግራሙ ከስልኩ መፍጠኑ ነው። ገጹ ገና ሳይሞላ፣ ያልመጣ ቁልፍ ሊጫን ይዘረጋል፤ ባዶ ይነካና «አልተገኘም» ብሎ በቀይ ይጽፋል። ያኔ ነው እሷ «ቆይ! ቆይ እንጂ፣ ምን አጣደፈህ!» የምትለው።

ከእሷ በፊት የነበሩት መላቸው ቀላል ነበር፤ በየመስመሩ «አምስት ሴኮንድ ተኛ» ብሎ ማዘዝ። ቁልፉ በአንድ ሴኮንድ ቢመጣም ፕሮግራሙ አምስቱን ይተኛል፤ በስድስተኛው ቢመጣ ደግሞ ቀድሞ ነቅቶ ይወድቃል። ቀይ ሲበራም የሚደነግጥ የለም። «ድገሚው» ይሏታል፤ ይደገማል፣ አረንጓዴ ይሆናል፣ ሁሉም ወደ ጉዳዩ።

«ጋሼ፣ ደስ እስኪለን ቃሉን የምናስደግመው ምስክር ምኑ ምስክር ነው?» አለችኝ አንድ ቀን።

ሦስት ወር ሙሉ ያንን እንቅልፍ ከየመስመሩ ስትነቅል ከረመች። በምትኩ «እያየህ ጠብቅ፤ ቁልፉ መጥቶ ለመጫን ሲደርስ ወዲያው ተጫን፤ አሥር ሴኮንድ ካለፈ ግን ተውና ተናገር» የሚል ትእዛዝ አስገባች። የቡድን መሪዋ ግን ትዕግሥቱ አልቆ ነበር። «ሐሙስ ጠዋት ሦስት ጊዜ በተከታታይ ያለ ቀይ ካልሄደልሽ፣ ፕሮግራምሽን ዘግተሽ እንደ ድሮው በጣትሽ ትፈትሻለሽ» አላት። በጣት መፈተሽ ማለት ያንኑ ገጽ በቀን መቶ ጊዜ መክፈትና መዝጋት ነው። ያን ሥራ ሁለት ዓመት ሠርታ፣ አውራ ጣቷ አብጦ፣ ማታ ማታ ቤት ስትገባ ሰው የማታነጋግር ሆና አይቻታለሁ።

ሁሉም ተስተካክሎ አንድ ቦታ እምቢ አላት፤ የሐኪም ቀጠሮ የሚያዝበት ገጽ። በተለይ በአሮጌ ስልክ ላይ «አረጋግጥ» የሚለው ቁልፍ አይመጣም። አሮጌዋ ስልክ ደግሞ የእኔ ናት፤ «ጋሼ፣ ሙዚየም ሳይጠይቅዎ ለእኔ ያውሱኝ» ብላ የወሰደቻት። አሥሩን ሴኮንድ ሃያ አደረገችው፤ ቀይ። ሠላሳ አለች፤ ቀይ። ረቡዕ ከሰዓት ተናድዳ ስድሳ ብላ ጻፈች፤ አረንጓዴ ሆነ።

ሐሙስ ስልኬን ልወስድ ሄጄ አጠገቧ ወንበር ሳብኩ። ሁለቱ ዙር በሰላም አለፈ። መሪው ሲኒውን ይዞ መጣ።

«አንድ ቀረሽ፣ እመት ቆይ።»

ሦስተኛው ዙር ተጀመረ። እኔ ዓይኔ ስልኬ ላይ ነው። መሐሏ ላይ ትንሽ ክብ ትሽከረከራለች፤ ሌላ ነገር የለም።

«ምን እየጠበቀች ነው?» አልኳት።

«አረጋግጥ የሚለውን ቁልፍ።»

«ይህቺን ገጽማ አውቃታለሁ! ለዓይኔ ቀጠሮ ልይዝ ሦስት ቀን ታገልኳት። ቁልፍ የላትም ብዬ ትቻት፣ በእግሬ ሄጄ ተሰለፍኩ።»

ፊቷ ተለዋወጠ። «ስንት ጠበቁ፣ ጋሼ?»

«እኔ ምን አውቄ። የጫማዬን ክር እስካስር።»

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ሲባል ኖረናል፤ እኔም አስተማሪ ሳለሁ ለተማሪዎቼ ብዬዋለሁ። ያለ ልክ የጠበቀስ? እሱ የሌላውን ጥፋት በትዕግሥቱ ሸፍኖ ያሳልፋል። ፕሮግራሟን ሰው የማይጠብቀውን እንዲጠብቅ አድርጋው ነበር።

የተጀመረውን ሦስተኛ ዙር አቋርጣ፣ ስድሳውን አጥፍታ አሥር ጻፈች። «ምን እያደረግሽ ነው?» አለ መሪው። ዙሩን እንደ አዲስ አስጀመረችው። ክቧ ተሽከረከረች፤ አሥር ሞላ፤ ቀይ በራ።

«ወደቀልሽ» አለ።

«የወደቀው መተግበሪያው ነው። ቁልፉ ከሠላሳ ሴኮንድ በላይ ይፈጃል። እኔ ነኝ የደበቅኩት።»

«ሰው እንዴት ያለፈ ነገር በገዛ እጁ ይጥላል? ድገሚዋ፣ በስድሳው።»

«አልደግምም።»

«እንግዲያው ከሰኞ ጀምሮ በጣትሽ» ብሎ ሲኒውን ይዞ ሄደ። ሌሎቹ ፈታሾች አንገታቸውን እንደደፉ ቀሩ። ደረጃውን ስንወርድ «ምናለ ስለ ዓይንዎ ባያወሩ!» ብላ ጮኸችብኝ፤ መንገዱን ሙሉ ቀድማኝ ተራመደች። አልተቀየምኳትም፤ ግን አመመኝ።

ስልኬም አልተመለሰችልኝም፤ አሁን በእጅ ይፈትሹባታል። ሰኞ ማታ የመጀመሪያውን የእጅ ሪፖርቷን አሳየችኝ። አንድ መስመር ብቻ ነበረው፦ «አረጋግጥ፤ አርባ ሰባት ሴኮንድ። አርባ ጊዜ ተሞክሮ፣ አርባውንም ጊዜ።» አውራ ጣቷን በሌላው እጇ ይዛ ነበር።