አሥራ ዘጠኝ ጭራሮ

ልጅ እያለሁ ከወፍ ሁሉ አጥብቄ የምንቃት ዋኔን ነበር። አሁንም ብዙ አልወዳትም። ሰዉ የዱር እርግብ እያለ ያቆላምጣታል፣ የዋህ ናት ይላታል። የዋህነቷን እንጃ፤ ስንፍናዋን ግን በዓይኔ አይቻለሁ። ትምህርት ቤታችን አጥር ጥግ ባለው ዛፍ ላይ ቢጫ ወፎች ሣር እየሰነጠቁና እየቋጠሩ፣ በሩ ወደ ታች የሆነ ቤት ሲሠሩ ቆሜ አይ ነበር። ዋኔ ግን አንድ ጭራሮ ታመጣለች፣ ጣል ታደርገዋለች፣ ዞር ብላ ታየዋለች፣ ከዚያ ትልቅ ሥራ እንደሠራ ሰው ታርፋለች። አንዷ እኛ ቤት በር ላይ፣ የጣሪያው ቀርከሃዎች በሚተላለፉበት ጫፍ ጎጆ ሠራች። ጎጆ ከተባለ። ከስር ሆኜ ቆጥሬዋለሁ፤ አሥራ ዘጠኝ ጭራሮ ነው። ሁለቱ እንቁላሎች በጭራሮዎቹ መሃል ከታች ይታዩ ነበር።

ለነገሩ የእኛም ቤት ከእሷ ጎጆ የሚሻል አልነበረም። ያደግኩት ከአሶሳ ከተማ ወጣ ብሎ ባለ፣ ባለሥልጣናቱ ስም ማውጣት ከብዷቸው በቁጥር በሚጠሩት የሰፋሪ መንደር ነው። አባቴና እናቴ በደርግ ጊዜ ከወሎ የመጡ ናቸው። ሌላው ሰፋሪ ቀስ በቀስ ቤቱን ሲያጠነክርና ማንጎ ሲተክል፣ የእኛ ቤት መጀመሪያ እንደቆመ ቀረ። ምክንያቱ እናቴ ነበረች። «ለከርሞ አገራችን እንገባለን፣ ምን ያለፋናል?» ትላለች። ከርሞ ይመጣል፣ አሁንም ለከርሞ ትላለች። አልጋው ስር ከወሎ ይዛው የመጣችው የእንጨት ሳጥን በገመድ እንደታሰረ ተቀምጧል። ውስጡ እናቷ የሰጠቻት ቀይ የአልጋ ልብስ አለ። እኛ በአሮጌ ብርድ ልብስ እንጓተታለን፣ ቀዩ ግን «ለአገራችን» ነው።

ከጎረቤት መንደር ማንጎና ባሚያ ይዛ የምትመጣ እማማ ሐዋ የምትባል የበርታ ሴት ነበረች። የበርታ ሰው ቀርከሃ ያውቃል፤ የእሷ ቤት ግድግዳ እንደ ሰፌድ የተሠራ ነው። አንድ ቀን በራችን ላይ ቆመችና ቀና ብላ መጀመሪያ የወፏን ጎጆ፣ ቀጥላ የእኛን ጣሪያ አየች።

«ያ ዘይነባ፣ ይሄ ቤት ማነው ሠራው?» አለቻት እናቴን። ወደ ዋኔዋ በጣቷ ጠቆመች። «እሱ ነው?»

እናቴ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። እኔ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ምክንያቱም ያ ጣሪያ የሚያፈሰው እኔ ላይ ነበር። ዝናብ በመጣ ቁጥር ደብተሬ ይርሳል፣ ቀለሙ ይፈሳል፣ ሲደርቅ የጭስና የበሰበሰ ሣር ሽታ ይሸታል። የቆርቆሮ ቤት ልጆች አጠገቤ መቀመጥ ይጠየፉ ነበር። ከሌላ ክፍለ ሀገር ተመድቦ የመጣ አንድ መምህራችን ደግሞ የሳይንስ ደብተሬን በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ፣ «አንቺ፣ ይሄ ደብተር ነው መወልወያ?» ብሎ ለክፍሉ አሳየ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በዚህ ዓለም ላይ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ ቆርቆሮ።

በዚያው ዓመት አባቴን ሰሊጡ ቀናውና ቆርቆሮው መጣ። አይሱዙ አምጥቶ ሲያራግፈው ሰፈሩ ሁሉ ተሰበሰበ። አባቴ ከአጥሩ ጋር አስደገፈው፣ ጎረቤቱን ለደቦ ጠራ። እናቴ እስከዚያ ቀን ድረስ ቃል አልተነፈሰችም። ሰዎቹ መሰላል ሲያቆሙ ግን ከቤት ወጣችና በር ላይ ቆመች።

«ታቅፋለች እኮ» አለች ወደ ላይ እያየች። «ሁለት ነፍስ ይዛ የት ትግባ? ትፈልፍልና ታፈርሱታላችሁ።»

አባቴ በአላህ ፍጥረት ላይ መጨከን አይሆንለትም። ደቦው ተበተነ። እኔ ግን የእናቴ ተንኮል ገብቶኛል። ዶሮ ሲታረድ ዓይኗን የማትጨፍን ሴት ዛሬ ለዋኔ አልቅሱልኝ ትላለች? ቆርቆሮ ማለት መቅረት ነው፤ እሷ መቅረት አልፈለገችም፣ ያችን ሰነፍ ወፍ ምክንያት አደረገች። ሁለቱንም እኩል ናቅኳቸው። በማግስቱ ዝናቡ ጀመረ። አጥሩ ላይ በተደገፈው አዲስ ቆርቆሮ ላይ ሲንቆረቆር እየሰማን፣ እኛ ቤት ውስጥ ቁጭ ብለን እንረጥብ ነበር።

አርብ ዕለት አባቴ መስጊድ፣ እናቴ ወንዝ ሄዱ። ረጅም ቀርከሃ ፈልጌ ጎጆውን ከስር ወጋሁት። አንዴ ነው የወጋሁት። አሥራ ዘጠኙ ጭራሮ እንዳልነበር ሆነ፣ እንቁላሎቹ እግሬ ስር ወድቀው ፈነዱ። ዋኔዋ በረረችና አጥሩ ላይ አርፋ ታየኝ ጀመር። አልጮኸችም፣ አልተከራከረችም፤ ያም አናደደኝ። እንቁላሎቹን አፈር አለበስኳቸው። ሲመጡ «ድመት ናት» አልኩ።

«እንግዲህ ጣጣው አለቀ፣ እሁድ እናፈርሰዋለን» አለ አባቴ። እናቴ ከግድግዳው ጋር ያስደገፍኩትን ቀርከሃ አነሳችው። ጫፉ ላይ አስኳል ደርቋል። እሱን አየች፣ እኔን አየች። ከዚያ በጉልበቷ ሰባብራ ምድጃው ውስጥ ከተተችው። አባቴ አላየም። ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር።

እሁድ ሣሩ ሲወርድ እናቴ ሳጥኗን ደጅ አውጥታ፣ ጀርባዋን ለቤቱ ሰጥታ ላዩ ላይ ተቀመጠች። የመጨረሻው ሚስማር ሲመታ ተነሳች፣ ገመዱን በቢላ ቆረጠችው፣ ቀዩን የአልጋ ልብስ አልጋችን ላይ አነጠፈችው። እያየኋት እንኳ፣ አልዋሽም፣ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ደብተሬ ከዚያ ወዲህ አልራሰም። ዋኔዋ በሳምንቱ ጎረቤት ማንጎ ላይ እንደገና ሠራች። ያኛው አሥራ አራት ጭራሮ ነበር።

ዛሬ በሰፈራችን የሣር ጣሪያ ብርቅ ሆኗል። እናቴ ከዓመታት በኋላ ወሎ ሄዳ ዘመድ ጠይቃ በሁለተኛው ሳምንት ተመለሰች። «በረደኝ» አለች። ማንጎ የተከለችው ያን ጊዜ ነው። እኔ አሶሳ ከተማ የመንግሥት ሠራተኛ ሆኜ ሰርቪስ ቤት ተከራይቻለሁ።

በቀደም ልትጠይቀኝ መጣች። ከመስኮቴ በላይ፣ የዲሹ ብረት ላይ ዋኔ ሠርታለች።

«አሁንም አልተማረችም» አልኳት እየሳቅኩ።

እናቴ አልሳቀችም። ገብታ ቤቱን ቃኘችው። ፍራሼ መሬት ላይ ነው። መጋረጃ ስለሌለኝ መስኮቱ ላይ ጋዜጣ ለጥፌያለሁ። መጽሐፎቼና ድስቶቼ በካርቶን እንደታሸጉ ናቸው። አዲስ አበባ ዝውውር ከጠየቅኩ ሰባት ዓመቴ ነው፤ ለከርሞ ይሳካል፣ ምን ያለፋኛል? እናቴ ጎንበስ ብላ ካርቶኑ የታሰረበትን ገመድ በጣቷ ነካ ነካ አደረገችው።

«እኔስ አገሬን ብዬ ነው» አለች ቀስ ብላ። «አንቺ እዚሁ ተወልደሽ የት ልትሄጂ ነው?»

ሸኝቻት ስመለስ ዲሹ ስር ቆሜ ጎጆውን ቆጠርኩት። ሃያ ሁለት ጭራሮ። ገብቼ ደግሞ ከካርቶን አውጥቼ የምጠቀምበትን ዕቃዬን ቆጠርኩ። ሃያ ሁለት አልሞላም።