ምራት የጠራችው ስም

ከትምህርት ቤት በር ላይ ነው የያዙኝ። ሚያዝያ ነበር፤ የበልጉ ዝናብ ገና ማባራቱ ስለነበረ ጭቃው አንድ ጫማዬን ይዞ አስቀረብኝ። ፖሊሱ ቆሞ ጠበቀኝ። «አድርጊው፤ አንቸኩልም» አለኝ። ቦርሳዬ ውስጥ ስለ ጭሰኞች መፈናቀል የተጻፉ ወረቀቶች ነበሩ። አሥራ አንደኛ ክፍል ነበርኩ። ንጉሡ ከዙፋን ሊወርዱ ሁለት ዓመት ያህል ይቀራቸው ነበር፤ ያን ጊዜ ግን ማንም አያውቅም።

ለሴት እስረኛ የተለየ ቦታ ስላልነበረ ከፖሊስ ጣቢያው ግቢ ጀርባ ያለ አሮጌ የገብስ መጋዘን ከፈቱልኝ። መጀመሪያ ያገኘኝ ሽታው ነው፤ የገብስ ብናኝና የረጠበ ጆንያ። መስኮቱ ከፍ ያለና ጠባብ ነበር። በቆርቆሮው ቀዳዳ የሚገባው ብርሃን መሬቱ ላይ ትንንሽ ክብ ሠርቷል። ቁልፍ ያዡ ሽማግሌ ፖሊስ ከበሩ ላይ ሆኖ ሳቀብኝ።

«ተማሪዋ! መሬት ላራሹ ስትዪ ከርመሽ ይኸው መሬት ደረሰሽ። ተኚበት።»

ጥግ ላይ አንዲት ሴት ተቀምጣ ነበር። ዕድሜዋ ሠላሳ አምስት ቢሆን ነው። ራሷን በጥቁር ሻሽ አስራለች፤ አንገቷ ላይ ጨሌ አለ። ከተቀመጠችበት ጆንያ ግማሹን ለቀቀችልኝና በእጇ መታ መታ አደረገችው። ሄጄ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

በሳጉሬ በኩል የሚኖር ጭሰኛ ሚስት ነበረች። አማርኛ አትሰማም። እኔ አያቶቼ ከሸዋ መጥተው አርሲ የሰፈሩ ናቸው፤ ቤታችን ውስጥ ኦሮምኛ የሚነገረው ገበያ ለመገበያየትና ሠራተኛ ለማዘዝ ብቻ ነበር። ስለዚህ ስለ ዋጋ፣ ስለ እንጨትና ስለ ወተት መናገር እችላለሁ፤ ስለ ሐዘን ግን ቃል አልነበረኝም። እኔ በጎደለኝ በኩል እሷ በእጇ ሞላችው። ስትናገር ትጀምረዋለች፤ እንዳልገባኝ ስታይ እጇ ይጨርሰዋል። እኔ «እቴቴ» እላታለሁ፤ እሷ «ኢንተላ» ትለኛለች፤ ልጅት ማለት ነው።

የታሰረችበትን ነገር የነገረችኝ በዚያው በመጀመሪያው ቀን ነው። ባለመሬቱ አዲስ አበባ ነው የሚኖረው። መሬቱን በትራክተር ሊያርስ ፈለገና ጭሰኞቹ ይውጡ ተባለ። ትራክተሩ የመጣ ዕለት ሴቶቹ ሲንቄያቸውን ይዘው ፊቱ ቆሙ። ሲንቄ የአርሲ ሴት ስታገባ የሚሰጣት ቀጭን በትር ነው። ሴቶች ያንን ይዘው በመሃል ከቆሙ ወንድ አያልፍም፤ ጠብም ቢሆን ይቆማል። ትራክተር ነጂው የዚያው አገር ልጅ ስለነበረ ሞተሩን አጥፍቶ ወረደና ራሱን ዝቅ አደረገ። የባለመሬቱ ወኪል ግን ለአገሩ እንግዳ ነው፤ ሊደበድቡት የተነሡ መሰለው። በመኪናው ሸሽቶ ፖሊስ ላከባቸውና ወደ አዲስ አበባ ሄደ። እሷ ከፊት ስለነበረች ያዟት።

ፖሊሶቹ በጣም የሚፈልጉት ግን እሷን አልነበረም። የባሏን አባት ነው። «ከመሬታችሁ አትውጡ» ብሎ ለጭሰኞቹ የተናገረው እሱ ነበር።

«ይስላል» አለችኝ። ደረቷን ነካች። «ብርድ አይችልም።» ከዚያ መዳፏን ወደ መሬት አድርጋ ቀስ ብላ ዝቅ አደረገችው። ቆላ። ቀጥላም በሹክሹክታ «አቦምሳ» አለች። ዘመድ ዘንድ መውረዱን የነገረችኝ ለምን እንደሆነ ብዙ አስቤበታለሁ። ስለ ሳሉ ለሰው መናገር ስለፈለገች ይመስለኛል።

በማግስቱ ሁለታችንንም ጠሩን። አስተርጓሚው ፖሊስ ለሥራ ሮቤ ተልኮ ስለነበረ የጣቢያው አዛዥ መቶ አለቃ እኔን ሊጠቀምብኝ ፈልጎ ነው። ከሌላ አገር የመጣ፣ ንጹሕ የለበሰ፣ የማይጮህ ሰው ነበር።

«ቤተሰብሽ ጨዋ ነው፤ አውቃለሁ» አለኝ። «በደንብ ካስተረጎምሽልኝ ለፈተናሽ ትደርሻለሽ።»

 ደስ አለኝ። ያንን አልረሳውም።

«የባሏ አባት ስሙ ማነው በያት።»

አልኳት። እሷ ወለሉን አየች። ደግሜ ጠየቅኋት፤ ዝም አለች። መቶ አለቃው ጠረጴዛውን በመዳፉ መታ፤ በሩ ላይ የቆመው ፖሊስ ወደሷ ተራመደ። እንዳይመታት ፈጥኜ ገባሁበት።

«እምቢ ብላ አይደለም ጌታዬ! ወጋቸው ነው። ምራት የባሏን አባት ስም አትጠራም።»

«ከናካቴው?»

«ከናካቴው። እሱ ባለበትም ተቀምጣ አትቆይም። ትነሣና ሻሿን ስባ ፊቷን ትሸፍናለች። ዓይኑን አታየውም።»

መቶ አለቃው ተገረመ። «የኔ ሚስት አባቴን ስሙን ጠርታ ስድብ ትጨምርበታለች» አለ። ፖሊሱም ሳቀ። እኔም ፈገግ አልኩ። ሴትዮዋ ሦስታችንንም ተራ በተራ አየችን።

«ስሙንስ እኛም እናውቀዋለን» አለ መቶ አለቃው። «የጠፋው ሰውየው ነው። ሮቤ ሄዷል?»

ተረጎምኩላት። «ሂን ቤኩ» አለች።

«አላውቅም ትላለች።»

«ሳጉሬ ከተማ ተደብቋል?»

«ሂን ቤኩ።»

«አላውቅም ትላለች።»

«አቦምሳ ወርዷል?»

«ሂን ቤኩ» አለች፤ በዚያው ድምፅ፣ በዚያው ልክ።

«አላውቅም ትላለች» አልኩ። ቃሉ ትክክል ነበር። አንዲት ፊደል አልጨመርኩም፤ አልቀነስኩም። ይሁን እንጂ መቶ አለቃው እሷን ማየት ካቆመ ቆይቷል። የሚያየው እኔን ነው። ጆሮዬ ድረስ ሲሞቀኝ ተሰማኝ። ዓይኔን ወዴት እንደማደርገው ጠፋኝና ጫማዬ ላይ ጣልኩት።

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ደክመሻል» አለኝና እስክሪብቶውን ከደነ።

ተመልሰን በሩ ሲዘጋብን «እቴቴ፣ ምንም አላልኩም» አልኳት።

«አላልሽም።»

«እንዳልሽው ብቻ ነው የነገርኩት።»

«አውቃለሁ። አማርኛ ስለማልሰማ ሳያችሁ ነበር የቆየሁት።» ጉንጬን በጣቷ ጀርባ ነካችው። «አፍሽ ትልቅ ሰው ነው። ይሄ ግን ገና ልጅ ነው።»

ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ሳምንት ያህል ቆይተው አንድ ሽማግሌ ከአቦምሳ አመጡ። ግቢ ውስጥ ሲያልፍ ሳሉን ሰማነው። ጨው እየሸመትኩ ለከብት አርቢ የምሸጥ ነጋዴ ነኝ፣ ስሜም ሌላ ነው ብሏል። ይሄንን ቁልፍ ያዡ ነው የነገረን። ፖሊሶቹ መልኩን አያውቁም፤ ወኪሉ ከአዲስ አበባ አልተመለሰም፤ ባለመሬቱም ጭሰኛውን በመልክ አይለይም። የአገሩ ሰው ደግሞ ቢጠየቅ አይናገርም። የቀረው እሷ ናት።

አስቀድመው እኛን አስገቡን። መቶ አለቃው እሷን በርጩማ ላይ አስቀመጣት። እኔን መስኮቱ አጠገብ፣ ብርሃኑ ፊቴ ላይ እንዲወድቅ አድርጎ አቆመኝ።

«ያስተማርሽኝን ልሞክረው ነው» አለኝ። «አሁን አንድ ሰው ይገባል። አንቺ ምንም እንዳትነግሪያት። አስተርጓሚ ሳያስፈልገን ትነግረናለች።»

ያን ጊዜ ምን እንዳደረግሁ ገባኝ። ከዱላ ላድናት ብዬ የተናገርኩት ነገር ነው ወጥመድ ሆኖ የተዘረጋው። ቦታውን ፊቴ ሰጠው፤ መለያውን ደግሞ አፌ።

በሩ ተከፈተ። አጭር ሽማግሌ ነው፤ ጋቢው እስከ አገጩ ደርሷል። ገና እግሩ ወለሉን ሲረግጥ የሴትዮዋ ቀኝ እጅ ወደ ሻሿ ተነሣ። ያገባችበት ዘመን ሁሉ እንዲህ ሲያደርግ የኖረ እጅ ነው፤ ትእዛዝ አልጠበቀም። ግማሽ መንገድ ላይ ሲደርስ አየሁት። ከዚያ አንገቷን አከከችበትና ጭኗ ላይ መለሰችው። አልተነሣችም። እንዲያውም እግሯን ወደፊት ዘረጋችና ሽማግሌውን ዓይን ዓይኑን አየችው።

መቶ አለቃው የተዘረጋውን እግሯን አየ። «ጠይቂያት» አለኝ በመጨረሻ። «ይሄን ሰው ታውቂዋለሽ ወይ በያት።»

ጠየቅኋት። መልሷ ረጅም ነበር። ድምፅዋ እንደ ገበያ ሴት ከፍ አለ፤ እጇም ሽማግሌውን ይጠቁማል።

«ይሄንን ነው በብርድ የምታመላልሱኝ?» አለች። «እሱን መስሏችሁ ነው?» እዚህ ላይ ስሙን ጠራችው። ከነአባቱ ስም፣ ጥርት አድርጋ። «እሱ ረጅም ነው። እንዲህ ያለ ጎባጣ ጨው ሻጭ አይደለም።» ደግማ ጠራችው። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይልቅ ቀላል ሆነላት፤ ወይም እንዲያ አስመሰለችው።

ያለችውን ሁሉ በአማርኛ ተናገርኩ፤ ስሙንም ጭምር።

ሽማግሌው ወደ ፖሊሱ ዞረ። «ይቺ ባለጌ የማን ልጅ ናት?» አለ በኦሮምኛ። «ቤት አላሳደጋትም?» ድምፁ አልተንቀጠቀጠም። ያንንም ተረጎምኩት። እስከ ዛሬ ከተረጎምኩት ሁሉ የከበደኝ እሱ ነው።

መቶ አለቃው እንደ ልማዱ ዓይኑን ወደ እኔ አዞረ። ረጅም ጊዜ አየኝ። ምን ሊያይ እንደሚችል አላውቅም። ፊቴ ሽማግሌው ሳይገባ በፊት ጀምሮ የጥፋተኛ ፊት ስለነበረ የተለወጠ ነገር አላገኘበትም መሰለኝ። ተነሥቶ ኮፍያውን አደረገና ፖሊሶቹን «ይሄን ሁሉ መንገድ ሄዳችሁ ጨው ሻጭ አመጣችሁልኝ!» አላቸው። «ልቀቁት።»

መጋዘኑ ውስጥ ተመልሰን ብዙም ሳንቆይ የግቢው በር ሲከፈት ሰማን። ከዚያ ሳሉ መጣ፤ ከግድግዳው ውጭ በመንገዱ በኩል። ሴትዮዋ ከጆንያው ተነሣች። ሻሿን ስባ ፊቷን እስከ አገጯ ሸፈነች፤ ወደ ጎን ዞረች፤ አንገቷን ደፋች። የሚያያት አልነበረም። ሳሉ እየራቀ፣ እየቀጠነ ሄዶ የጋሪ ድምፅ እስኪውጠው ድረስ እንደዚያው ቆመች። እኔም ተነሣሁ። የምሸፍንበት ስላልነበረኝ ጀርባዬን ሰጥቼ ቆምኩ።

ከዚያ ውሃ ጠየቀች። በጣሳ ያመጡልንን ተጉመጥምጣ ተፋችው፤ ደግማም ተጉመጠመጠች።

«ይቅር በይኝ» አልኳት። ቃሉን በኦሮምኛ ስለማላውቀው በአማርኛ ነው ያልኩት።

ምን እንዳልኩ አልጠየቀችም። የተረፈውን ውሃ ሰጠችኝና ጆንያውን ለሁለታችን አነጠፈችው።

አባቴ ዋስ ሆኖ አስወጣኝ። ለፈተናው ደረስኩ፤ አለፍኩም። እሷ እዚያው ቀረች። የተፈታችው አዲሱ ገብስ ከታጨደ በኋላ መሆኑን ከሳጉሬ ገበያ የመጣች ሴት ነገረችኝ። ሽማግሌው ግን ከዚያ በፊት ቆላ ሳለ ሞቷል፤ በሳሉ። ምራቱ በሩ ላይ ቆማ ይቅርታ ሳትጠይቀው፣ እሱም እጁን ዘርግቶ ሳይመርቃት።

ለባለቤቴ ይሄንን አንድ ጊዜ ነግሬው ነበር። «ገብቶታል እኮ፤ ልታድነው ብላ እንደሆነ እንዴት አይገባውም?» አለኝ። ይመስለኛል፤ ገብቶታል። ስድቡም ለፖሊሶቹ የተባለ ነው። ነገር ግን ቃሉ አንዴ ከአፋቸው ወጥቷል፤ ለመሻር ለአፍታ ብቻቸውን መገናኘት ይበቃቸው ነበር። ያንን አላገኙም።

አሁን አርጅቻለሁ። የልጅ ልጆቼ ፊቴ አይነበብም ይሉኛል። «አያቴ፣ ደስ ብሎሽ ነው ወይስ ተቆጥተሽ?» ይላሉ። ከዚያ ወዲህ የተማርኩት ነው። ለማን እንደሚጠቅም ግን አላውቅም፤ የሚጠይቀኝ የለም።

የሽማግሌውን ስም ከነአባቱ አስታውሰዋለሁ። እዚህ ልጽፈው ብዬ እስክሪብቶዬን ሁለቴ አንሥቻለሁ። እሷ ከዚያ ቀን በኋላ ደግማ እንዳልጠራችው እርግጠኛ ስለሆንኩ እኔም ተውኩት።