ከጥዱ ሥር የምንቆመው

«ልጄ፣ ምን ኃጢአት ሠርተህ ነው ዓመት ሙሉ ከቤተ ክርስቲያን የማትገባው?»

ዛሬ ከቅዳሴ ስንወጣ ክንዴን ይዘው እንዲህ ያሉኝ አንድ የሰፈራችን ሽማግሌ ናቸው።

ኃጢአትስ የለብኝም። ሽንቴን ጨርሼ፣ ሱሪዬን ቆልፌ ሁለት እርምጃ ስሄድ ጠብ ጠብ እያለ ያመልጠኛል። እሱን ይዞ መግባቱ ስለከበደኝ ከግቢው ጥድ ሥር ቆሜ አስቀድሳለሁ።

ለባለቤቴ እንኳ አልነገርኳትም። ሰፈርተኛው ግን ውሽማ አበጅቶልኛል አሉ። (የት እንዳለች ብትጠቁሙኝ፣ ቢያንስ የማወራት ሰው አገኝ ነበር።)

የደብረ ታቦር ብርድ ነው እያልኩ ራሴን ሳታልል ከረምኩ። ዛሬ ግን ሆዴ ባባና «አያ፣ ሽንት እያመለጠኝ ነው» አልኳቸው።

ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ «እኔስ ከጥዱ ወዲያ የምቆመው ለምን ይመስልሃል?» አሉኝ።

እኔ እኮ መቋሚያ ይዘው ውስጡ ስለሚጠባቸው ይመስለኝ ነበር!

ዓመት ሙሉ በአንድ ግንድ ጀርባ ለጀርባ ቆመን፣ እሳቸው የኔን ኃጢአት ሲገምቱ፣ እኔም ብቻዬን ነኝ ስል።

ነገ ጤና ጣቢያ አብረን እንሄዳለን።

እናንተስ? ስም አልጠይቅም። በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ካልሆነም እሑድ ከጥዱ ሥር ቦታ አለ።