የበሽታ ቁጥር ይዤ በሱሉልታ መንገድ

እኔ ፈሪ ነኝ። ፍርሃት እንደ ስኳር በሰልፍ ሲታደል ሁለት ጊዜ ተሰልፌ የተቀበልኩ ሰው ነኝ። ሰበታ ሳድግ የጎረቤት ውሻ ሲያዛጋ እንኳ አጥር እዘል ነበር። እንዲህ ያለ ሰው ከሕክምና ቤት ደጃፍ መድረስ አልነበረበትም። ግን እንጀራ ነውና ሱሉልታ ውስጥ አንድ የግል ክሊኒክ ካርድ ክፍል ተቀጠርኩ። ደም የማይታይበት ክፍል እሱ ብቻ ነበር።

እዚያ እያለሁ ነው አዲስ ሙያ መምጣቱን የሰማሁት። አዲስ አበባ ያለ አንድ ትልቅ ሆስፒታል ከጤና መድን ድርጅቶች ጋር መሥራት ሊጀምር ነው ተባለ። መድን ድርጅት ደግሞ «ሰውየው ሆዱን አመመው» ብትለው አይሰማህም፤ ቁጥር አምጣ ይላል። ጨጓራ ኬ ሃያ ዘጠኝ ነው። የሳንባ ምች ጄ አሥራ ስምንት። ውሻ የነከሰው ሰው ሳይቀር ደብሊው ሃምሳ አራት ተብሎ የራሱ ቁጥር አለው። ሐኪሙ የሞነጫጨረውን አንብቦ ለእያንዳንዱ ሕመም ቁጥሩን የሚሰጥ ሰው ኮደር ይባላል። እኔም ኮደር ልሆን ቆረጥኩ። ክረምቱን ሙሉ አጠናሁ። ባለቤቴ «ማንኮራፋትህ ራሱ በቁጥር ሆነ» እስክትል ድረስ።

የቅጥር ፈተናው የዋለው ግን አገር ምድሩ በታመሰበት ሰሞን ነው። በማስተር ፕላኑ አዲስ አበባ ሰፍታ ዙሪያዋን ያለውን የገበሬ መሬት ልትውጥ ነው ተብሎ ወጣቱ መንገድ ላይ ወጥቷል። ቡራዩ ተኩስ አለ ይባላል፤ ሰበታ መንገድ ተዘግቷል ይባላል። እናቴ በማለዳ ደወለች።

«ዛሬ ከቤት ንቅንቅ እንዳትል!»

«ፈተና አለብኝ እኮ እማዬ።»

«ፈተናውን ይደግሙታል። አንተን ማን ይደግምሃል?»

ልክ ነበረች። ግን ካርድ ክፍል ውስጥ አቧራ ስቅም ማርጀቱን ከጥይት ባልተናነሰ እፈራው ስለነበር፣ የጥናት ወረቀቶቼን በካኪ ፖስታ አድርጌ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ሹፌሩ ሬዲዮውን ዘግቶታል። የሹፌር ሬዲዮ ሲዘጋ መጥፎ ነው።

ዳገቱ ሥር ስንደርስ መንገዱ በድንጋይ ተዘግቶ ጎማ ይነድዳል። ዱላ የያዙ ወጣቶች ከበቡን።

«ውረዱ! ሁላችሁም ውረዱ!»

ወረድን። አንዱ ፖስታዬን ነጥቆ ከፈተው። እኔ እኮ ጎበዝ ተማሪ ለመሆን ስል ወረቀቱን ሁሉ በቀይና በሰማያዊ እስክሪብቶ ሸንሽኜዋለሁ። የሰውን አካል ሥዬ፣ በየክፍሉ ቁጥር ሰጥቼ፣ ድንበር ድንበሩን አስምሬዋለሁ። አንጀቱማ ጭራሽ ቀለበት መንገድ መስሏል።

«ኩን ማሊ?» አለኝ። ይሄ ምንድን ነው ማለቱ ነው።

ከአማርኛ እኩል አፍ የፈታሁበት ኦሮምኛ በዚያች ሰዓት ጥሎኝ ጠፋ። ከኔ ቀድሞ ሰበታ የገባ ይመስለኛል።

«በ... በሽታ ነው» አልኩ በአማርኛ።

«የምን በሽታ! ካርታ ነው! የቦታ ቁጥር ነው! ቀያሽ ይዘናል!»

ቀያሽ የምትለዋ ቃል ስትሰማ የቆሙት ሁሉ ወደኔ ዞሩ። የነዚህ ልጆች አባቶች መሬት መጀመሪያ የሚሄደው ቀያሽ ችካል ሲተክልበት ነው። ጀሪካን የያዘ አንድ ልጅ ጠጋ አለ፤ የቤንዚኑ ሽታ አፍንጫዬን ሞላው። አብራኝ የተሳፈረች አንዲት ወይዘሮ «ኧረ የሰው ልጅ ነው!» እያለች ጮኸች። ማንም አልሰማትም።

በዚህ መሃል ጋቢ የደረቡ አንድ ሽማግሌ በዱላቸው ሰዉን እየከፈሉ መጡ። «ኦቦ መጡ» ተባለ በአክብሮት፤ ዱላዎቹም ዝቅ አሉ። ወረቀቱን ተቀብለው አዩት፤ ገልብጠው አዩት፤ እኔንም አዩኝ።

«አንተ ሰው፣ ሥራህ ምንድን ነው?»

«ኦቦ፣ ለበሽታ ቁጥር ነው የምሰጠው።»

«በሽታ ቁጥር ምን ያደርግለታል?» ልጆቹ ሳቁ። ሽማግሌው አልሳቁም። «እሺ፤ ወገቡን የሚያመው ሰው?»

«ኤም ሃምሳ አራት።»

«ፈረስ የረገጠው?»

«ደብሊው ሃምሳ አምስት።»

«ይፈጥራል እኮ! አፉ ላይ የመጣለትን ነው የሚለው!» አለ ባለ ጀሪካኑ።

ሽማግሌው እጃቸውን አነሱና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጠየቁ፦ «መሬቱን የተነጠቀ፣ ከቤቱ የወጣ ሰውስ? እሱም ቁጥር አለው?»

አለው። ዜድ ሃምሳ ዘጠኝ፤ ቤትና ኑሮ ያጣ ሰው የሚገባበት ነው። ግን አለ ብል «ይኸው፣ መዝግበው ጨርሰውናል!» ሊሉ ነው። የለም ልበል አልኩ። ምላሴን ግን ፍርሃት ይዞት ውሸት እንኳ ማዋቀር አቃተው።

«አለው፣ ኦቦ። ዜድ ሃምሳ ዘጠኝ።»

ሽማግሌው ወረቀቱን አጥፈው ያዙት።

«መድኃኒቱስ?»

«መድኃኒት የለውም። ቁጥር ብቻ ነው ያለው።»

ሽማግሌው ወደ ልጆቹ ዞሩ። «ልቀቁት» አሉ። «የመሬት ሰዎች እኔም ቤት መጥተዋል። ካሳ አለ፣ ምትክ አለ፣ ለልጆችህ ሥራ አለ ብለው ነው የሄዱት። የለም ብሎ የነገረኝ ቀያሽ እስከ ዛሬ አላየሁም።»

ባለ ጀሪካኑ እያጉረመረመ ዞር አለልኝ። ወረቀቴን ልቀበል እጄን ስዘረጋ ሽማግሌው ክንዴን ያዙኝ።

«ከዳገቱ ላይ ወታደሮች አሉ። የኛ ልጆች ካርታ ነው ካሉት፣ እነዚያ የአመፅ ምስጢር ነው ይሉታል። እኔ እዚያ የለሁም።»

እውነታቸውን ነበር። ክረምቱን ሙሉ የለፋሁበትን ወረቀት ራሴ በእጄ የሚነደው ጎማ ላይ ጣልኩት። አንጀቱ መጀመሪያ ተቃጠለ።

«ነጋቲ፣ ዴሚ» አሉኝ፤ በሰላም ሂድ።

ሚኒባሱ አላልፍም ብሎ ስለተመለሰ በእግሬ ዳገቱን ያዝኩት። የቀረኝ ጭንቅላቴ ውስጥ ያለው ብቻ ነው፤ እሱም በፍርሃት ብን ብሎ እንዳይጠፋ ቁጥሮቹን እየደጋገምኩ እሄዳለሁ። ከንፈሬ ሳያርፍ ወታደሮቹ ጋ ደረስኩ። አንዱ መሣሪያውን ደረቴ ላይ ደገነ።

«ምንድን ነው የምትለፈልፈው?»

«ጸሎት ነው» አልኩት።

ፊቱን ያኔ ነው ያየሁት። ጺሙ ገና ያልበቀለ ልጅ ነው፤ ከንፈሩ ደርቋል። ቁልቁል ወደ ጭሱ አየ፤ ከዚያ ጓደኞቹ እንዳይሰሙት ጠጋ አለኝ።

«ጋሼ፣ እኔንም ጨምረኝ።»

መሣሪያውን ዞር አድርጎ አሳለፈኝ። የማስታውሰውን በሽታ ሁሉ እያነበነብኩ፣ አንድ በአንድ ይራቅህ እያልኩለት አለፍኩ።

ሆስፒታሉ በር ላይ ስደርስ ዘበኛው ከላይ እስከ ታች አየኝና «ፈተናው እኮ ተራዘመ፤ መንገድ ተዘግቷል ተብሎ» አለኝ። «አንተ በየት መጣህ?»

እንደ ልማዴ የምመልስለት ቀልድ ፈለግሁ፤ አንድም አልነበረኝም። የበሩ ድንጋይ ላይ ቁጭ አልኩና እስኪመሽ መነሳት አቃተኝ።