እትዬ ዘነበች የቀየሩልኝ አምፖል

ነገሩ የሆነው ባለፈው ታኅሣሥ ነው። ሰው ቢሰማው ይስቅ ይሆናል፤ እኔን ግን ማታ አምፖል ባበራሁ ቁጥር ያንገበግበኛል።

የመንዝ ልጅ ነኝ። ሸዋ ሮቢት የመጣሁት ነርስ ሆኜ ጤና ጣቢያ ተመድቤ ነው። እናቴ እዚያው ደጋ ብቻዋን ናት፤ ብርዱ ጉልበቷን ይዞታል። ወደ ቆላ ላወርዳት ብመኝም የተከራየኋት ክፍል ከአንድ አልጋ ሌላ አታስገባም። ስለዚህ ዶሮ አርብቼ ሰፋ ያለ ቤት እከራያለሁ ብዬ ጫጩቶች ገዛሁ።

በማሽን የተፈለፈሉ ስለሆኑ የምታቅፋቸው እናት የላቸውም። ካርቶን ውስጥ ከትቼ፣ ባለ መቶ ሻማውን የድሮ አምፖል ከላያቸው ዝቅ አድርጌ አንጠለጠልኩላቸው። ከሥሩ ተሰብስበው ይተኛሉ። ለእናቴም ደውዬ "እነዚህ ይደጉ እንጂ ትወርጃለሽ" አልኳት። "እስቲ እሱ ያውቃል" አለችኝ፤ ድምጿ ግን ጓዟን መሸከፍ የጀመረች ያስመስላት ነበር።

አከራዬ እትዬ ዘነበች ደግ ሴት ናቸው። ክፉ ቢሆኑ ኖሮ ይሻለኝ ነበር፤ ቢያንስ እጣላቸው ነበር። የግቢው ቆጣሪ አንድ ስለሆነ የተከራዩን ሁሉ አምፖል በቆጣቢው፣ ኤል ኢ ዲ በሚባለው፣ ሲቀይሩ ሰነበቱ። እኔ የአዳር ተራዬን ልሠራ በወጣሁበት ቀን በትርፍ ቁልፋቸው ገብተው የእኔንም ቀየሩልኝ። የጫጩቶቹንም ጭምር። እንዲታያቸው ያበራሁላቸው መስሏቸው ነው። ሰው ቀኑን ሙሉ ከሙቀት ሲሸሽ በሚውልበት አገር፣ ለሙቀት ብሎ አምፖል የሚያበራ የት አይተው ያውቃሉ?

ያን ሌሊት ከጣርማ በር ተራራ በኩል የሚወርደው ነፋስ ሲነፍስ አደረ። ጠዋት በሩን ስከፍት ቤቱ በአዲሱ አምፖል ወገግ ብሏል። ጫጩቶቹ ካርቶኑ ጥግ ላይ እርስ በርሳቸው እንደተደራረቡ ደርቀዋል። አንዷ ብቻ ትተነፍስ ነበር። ደረቴ ውስጥ ከትቼ ላሞቃት ሞከርኩ፤ ረፋዱ ላይ እሷም ሞተች።

ለቅሶዬን ሰምተው እትዬ ዘነበች እየሮጡ መጡ።

"አፈር ልብላ! ምን ሆንሽ ልጄ?"

"ብርድ ነው የገደላቸው፣ እትዬ።"

"ኧረ ተይ! ሸዋ ሮቢት ደግሞ የምን ብርድ አለ? በሽታ ነው እንጂ።"

የድሮው አምፖል ያሞቃቸው እንደነበር፣ አዲሱ ግን ብርሃን እንጂ ሙቀት እንደሌለው አስረዳኋቸው። ቀና ብለው አዲሱን አዩት።

"ይኼ እኮ ከዚያኛው የበለጠ ያበራል!" አሉ፣ ከልባቸው ግራ ገብቷቸው።

ከኔ ጋር ቁጭ ብለው አለቀሱ። ቀትር ላይም ምሳ ይዘውልኝ መጡ።

እናቴ አልወረደችም። ስደውልላት "ደህና ነኝ፣ ብርዱ ብቻ ነው" ትለኛለች፤ ስለ መምጣትም አታነሳብኝም። ይቅር ብያለሁ ብል እዋሻለሁ፤ እንዳልቀየማቸው ደግሞ የሠሩት ለበጎ ነው። ሰው ተበድሎ የሚወቅሰው ሲያጣ ምን ያህል እንደሚመር ያየሁት ያኔ ነው።

እትዬ ዘነበች አሁንም በደጄ ሲያልፉ ብቅ ይላሉ።

"አምፖሉ እንዴት ነው? ቆየልሽ አይደል?"

"ቆየልኝ እትዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ" እላቸዋለሁ።