አያ ስሜነህን ወደ አገሩ ስንመልስ

ይህ የሆነው በ1990ዎቹ መጨረሻ፣ ክረምቱ ወጣ በተባለበት ሰሞን ነው። በሹፌርነት ዘመኔ መኪና ቆማብኝ የተሰቃየሁባቸው ቀኖች ተቆጥረው አያልቁም። ይቺኛዋ ቀን ግን አልረሳ ብላኛለች።

ያኔ ደብረ ማርቆስ ሆኜ አንዲት ያረጀች የጭነት መኪና እነዳ ነበር። እህልም ቆርቆሮም ከብትም፣ የተገኘውን እጭናለሁ። የዚያን ቀን የጫንኩት ሬሳ ነው። አያ ስሜነህ የሚባሉ ገበሬ ለሕክምና መጥተው ሆስፒታል አረፉ። ቤተሰቡ ደብረ ኤልያስ አካባቢ፣ ከአባታቸው መቃብር ጎን ሊቀብራቸው ነው። ቀባሪው ቤተ ክርስቲያን ተሰብስቦ ይጠብቃል። ፀሐይ ሳትጠልቅ ካልደረስን ሬሳው ሊያድር ነው፤ ይሄ ደግሞ ለቤተሰቡ ሌላ ሐዘን ነው። ሳጥኑ ከኋላ ተጫነ፤ ሚስታቸው እማማ ውባለምና ዘመዶቻቸው ዙሪያውን ተቀመጡ። የሟች ወንድም ቄስ ይርጋ እኔ ጎን ገቡ።

ከከተማ ወጥተን ብዙም ሳንርቅ ሞተሩ ተንገጫገጨና ቀጥ አለ። ቁልፉን ባዞር ማስነሻው ሞተሪኖ ይሠራል፣ ሞተሩ ግን አይነሳም።

"ምነው ልጄ?" አሉኝ ቄሱ።

"አየር ይዞ ይሆናል አባ" ብዬ ወረድኩ። የነዳጁን ቱቦ ፈትቼ በእጅ ፓምፑ አየሩን ሳስወጣ ቆየሁ። መኪናዋ ተነሳች። "ተመስገን!" ተባለ።

ምን ያደርጋል፣ ትንሽ ሄዳ ዳገቱ ወገብ ላይ ደገመችኝ። የናፍታ ማጣሪያውን ፊልትሮ አውጥቼ አጽድቼ መለስኩ። ተነሳች። ደግሞ ጠፋች። ወንዶቹ ወርደው ገፉ፤ ጭቃው ገና አልደረቀም፣ እስከ ጉልበታቸው ተለወሱ። ከኋላ ለቅሶው ቀርቶ ማጉረምረም ሆነ። እጄ በናፍታ ርሷል፣ ወገቤ ተቆርጧል፣ እህል አልቀመስኩም። ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ሳይ፣ እውነቴን ነው የምላችሁ፣ መንገድ ዳር ቁጭ ብዬ ማልቀስ አማረኝ።

"እንግዲህ በሸክም እንውሰደው ይሆን?" አሉ ቄስ ይርጋ። ከየት ወዴት! ገና ብዙ ይቀረናል።

ነዳጅ አልቆ እንደሆን ልይ ብዬ ወደ ታንኩ ሄድኩ። ክዳኑ ከጠፋ ቆይቷል፤ እንደ ብዙዎቻችን ጨርቅ ወትፌበት ነው የምነዳው። ጎንበስ ብል ጨርቁ ላይ ፌስታል ተደራርቦ፣ በጎማ ገመድ ጥርቅም ተደርጎ ታስሯል። ስፈታው ታንኩ አየር እየሳበ "ፉፍ" አለ። ለካ ታፍኖ ነው! አየር ካልገባ ናፍታው ወደ ሞተሩ አይሄድም። እኔ የጠገንኩ እየመሰለኝ፣ በቆምን ቁጥር በእስሩ ክፍተት ትንሽ አየር እየገባ ነው የምትነሳው።

"ማነው ይሄን ያሰረው?" ብዬ ጮህኩ።

"እኔ ነኝ ልጄ" አሉ እማማ ውባለም ከላይ። "ሆስፒታሉ ደጅ ሳጥኑን ስትጭኑ ነው ያሰርኩት። እሱ የናፍታ ሽታ አይችልም። ለሕክምና ስናመጣው መንገዱን ሙሉ ሲያስመልሰው ነበር። ሲመለስ እንኳ ሰላም ይሁንለት ብዬ ነው።"

"አንቺ ሴት፣ ሞቷል እኮ!" አሉ ቄሱ። ወዲያው ግን ጀርባቸውን ሰጡን፤ ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁ።

እኔም ቁጣዬ የት እንደገባ እንጃ። "ታንኩ አየር ይፈልጋል እማማ፣ እንዲህ መታሰር የለበትም" አልኳቸው።

"ወይኔ! ቀብሩን ያስተጓጎልኩበት እኔ ነኛ?" ብለው አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ።

ጨርቁን ላላ አድርጌ መለስኩት። ከዚያ ሳላስበው፣ "የአያ ስሜነህ ራስ በታንኩ በኩል ነው ያለው። ሳጥኑን አዙሩት፣ ወደ ኋላ ይሻላል፣ ነፋስ አለ" አልኩ። ማንም አልሳቀም። ወንዶቹ በዚያ በጭቃ እጃቸው ሳጥኑን አንስተው አዞሩት።

ከዚያ ወዲያ መኪናዋ አንዴም አልቆመች። ፍትሐቱ ተደርሶ አያ ስሜነህ ሲቀበሩ ጀምበር ገና አልጠለቀችም ነበር።

አሁን ሹፌርነቱን ትቻለሁ። ዕድሜዬን መንገድ ላይ ፈጅቼ፣ ቤቴን እንደ ማደሪያ ብቻ ሳየው የኖርኩ ሰው ነኝ። እማማ ውባለም ትዝ ባሉኝ ቁጥር ራሴን እጠይቃለሁ። እኔ ስሞት፣ በሕይወት ሳለሁ ምን አልችል እንደነበር የሚያውቅ ሰው ይኖር ይሆን?