የሁለት ሰው እንጀራ

ባለቤቴ በሞተ በስምንተኛው ወር ሆዴ መነፋት ጀመረ። በበላሁ በሰዓት ተኩል ውስጥ ይወጠራል፣ ይቆርጠኛል፣ ከዚያ መሮጥ ነው። ሌላ ሳምንት ደግሞ በተቃራኒው ሦስት ቀን ሙሉ ያደርቀኛል። እሱንም የጀመረው እንዲሁ ነበር። የእሱ የአንጀት ካንሰር ሆነ። ስለዚህ የእኔም ምን እንደሆነ ያወቅሁ መሰለኝና ለማንም ሳልናገር ተቀመጥኩ።

ከልጄ ጋር የምንኖረው እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የምትባል ከተማ ነው። ሥራዬ ወንዙን ተሻግሮ ባለችው አሌክሳንድሪያ ከተማ ነበር፤ አንድ ሆቴል ውስጥ ልብስ ማጠቢያ ክፍል። በቀዩ መስመር ባቡር ወርጄ የቢጫውን መስመር እይዛለሁ። በየትኛው ጣቢያ አጠገብ መጸዳጃ ቤት የማይከለክል ሱቅ እንዳለ በቃሌ አውቅ ነበር።

ልጄ ናት የነቃችብኝ። አንድ ቅዳሜ ከመታጠቢያ ቤት ስወጣ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ።

«ማሚ፣ ከጠዋት ጀምሮ ይሄ ፎርዝ ታይም ነው። አፖይንትመንት እይዝልሻለሁ፤ እምቢ እንዳትዪ።»

ደም ተሰጠ፣ ሰገራ ተሰጠ፣ በመጨረሻም ሐኪሙ አንጀቴን በካሜራ አየ። ከማደንዘዣው ስነቃ ልጄ ከመጋረጃው ወዲያ ከሐኪሙ ጋር በፈጣን እንግሊዝኛ ታወራለች። ከዚያ ፈገግ ብላ ገባች።

«ማሚ፣ ክሊን ነው። ካንሰር የለም። አይ ቢ ኤስ ይባላል፤ አንጀትሽ ቁጡ ሆኖ ነው። ያሰቃያል እንጂ አይገድልም።»

አላመንኳትም። እኛ ዘንድ ክፉ ምርመራ ለበሽተኛው አይነገርም። ለቤተሰብ ይነገራል፤ ቤተሰብም ተመካክሮ ይቀንስለታል፣ አንዳንዴም ጨርሶ ይደብቀዋል። ለባለቤቴ ሐኪሙ የሚለውን የምነግረው እኔ ነበርኩ። ግማሹን እያስቀረሁ «ይሻልሃል አሉ» እለው ነበር፤ ፈገግ ብዬ። ልጄ ፊት ላይ ያየሁት ፈገግታ የራሴን መሰለኝ።

በዚያ ላይ አንዲት አብራኝ የምትሠራ የአገሬ ሴት ምክር ሰጠችኝ። ያን ጊዜ ካርቦሃይድሬት መተው ፋሽን ነበር። «እንጀራ፣ ዳቦ፣ ሩዝ፣ ድንች፣ ካርብ የተባለ በሙሉ ድራሹን አጥፊው» አለችኝ። «እኔ ትቼው እይኝ እስቲ፣ ኮረዳ አልመሰልኩም?» አልመሰለችም። እኔ ግን ተውኩት። ሦስት ሳምንት በእንቁላልና በሥጋ ኖርኩ። መነፋቱ ቀነሰ፤ ድርቀቱ ባሰ። አንሶላ ሳጥፍ ጉልበቴ ይከዳኝ ጀመር፤ ቀሚሴ ከወገቤ ላይ ይዞር ጀመር። ባለቤቴ ቀበቶው ላይ አዲስ ቀዳዳ ሲበሳ አይቻለሁና፣ ነገሩ አበቃ ብዬ ሰነዶቻችን የት የት እንዳሉ ለልጄ በወረቀት ጽፌ መሳቢያ ውስጥ አስቀመጥኩ።

ሐኪሙ መክሳቴን አይቶ ወደ አንዲት የሥነ ምግብ ባለሙያ ላከኝ። ወጣት ናት፤ ቀስ ብላ ነው የምትናገረው፤ ስለዚህ ያለ ልጄ ብቻዬን ገባሁ።

«ካርቦሃይድሬት ጠላትሽ አይደለም» አለችኝ። «ጉልበትሽ ከእሱ ነው። ማወቅ ያለብን የትኛው እንደሚስማማሽ፣ ምን ያህል እንደሚበቃሽና በአንዴ ይሻልሻል ወይስ ተከፋፍሎ የሚለውን ነው። ከማቆምሽ በፊት ለራት ምን ያህል ትበይ ነበር?»

ሠላሳ አንድ ዓመት ከባለቤቴ ጋር ከአንድ ትሪ በላሁ። ከአንድ ትሪ የሚበላ ሰው ልኩን አያውቅም። እሱ ወደ እኔ ይገፋል፣ እኔ ወደ እሱ እገፋለሁ፤ ያጎርሰኛል፣ አጎርሰዋለሁ፤ የቱ የማን እንደሆነ ማን ይለየዋል?

«ከትሪ ነው የምበላው» አልኳት።

ትሪው ምን ያህል እንደሆነ ለመገመት በእጆቿ የቡና ስኒ ማስቀመጫ የምታክል ክብ ሠራች። እጆቿን ይዤ ወደ ጎንና ጎን አሰፋሁላት። ዓይኗ አብሮ ሰፋ። ሁለታችንም ሳቅን፤ እኔ ከሳቅሁ ቆይቼ ነበር።

አንድ ሳምንት እንደ ድሮዬ በልቼ ሁሉንም እንድጽፍ ነገረችኝ፤ የበላሁትን፣ ሰዓቱን፣ ሕመሙን። የምገዛው እንጀራ ከምን እንደተሠራም ላስቲኩ ላይ እንዳነብ አዘዘችኝ። ቀላል ሥራ መሰለኝ። በአማርኛ ጻፍኩ።

ሰኞ፤ ሦስት እንጀራ፣ አንዱ ከሥር፣ ሁለቱ ተጠቅልለው፤ ምስር ወጥ። ከሁለት ሰዓት በኋላ ቁርጠት። ማክሰኞ፤ ሦስት እንጀራ፤ ሽሮ። ቁርጠት፣ መነፋት። ረቡዕ፤ እንዲሁ። ሐሙስ «ሦስት» ብዬ ስጽፍ እጄ ቆመ።

ሦስት እንጀራ ለሁለት ሰው የማቀርበው ነው። ባለቤቴ ከሞተ ወዲህ፣ ከእነዚያ ሦስት ሳምንታት በቀር፣ አንድም ቀን አልቀነስኩም። ልጄ ማታ ማታ ትምህርት ስለነበራት የሚያየኝ አልነበረም። አንድም ቀን ደግሞ አላስተረፍኩም። በመጨረሻዎቹ ወራት ትሪው በእሱ በኩል ሳይነካ ነበር የሚነሳው። ያን ጎን ሙሉ ሆኖ ማየት ስላልቻልኩ ብቻዬን እየበላሁ ባዶ አደርገው ኖሯል። የእሱን ድርሻ እኔ ነበርኩ የምበላው።

ላስቲኩን አነበብኩ። ጤፍ ብቻ ሲመስለኝ የኖረው የስንዴ ዱቄት የበዛበት ነበር። እሁድ ደግሞ አሌክሳንድሪያ፣ እትዬ ቤት ነበርኩ፤ የባለቤቴ ታላቅ እህት ናቸው። ስድስት ሆነን ከአንድ ትሪ በላን፤ ለእኔ የደረሰኝ ትንሽ ነበር። በዚያ መስመር ላይ የጻፍኩት «ደህና» የሚል ብቻ ነው።

ያን ገጽ ብዙ ጊዜ መላልሼ አየሁት። ማንም አልተረጎመልኝም፤ ማንም ፈገግ አላለልኝም። የራሴ እጅ ጽሕፈት ነው። የባለቤቴን በሽታ ከአልጋው አጠገብ ሆኜ አውቀዋለሁ፤ እሁድ ብሎ አያርፍም ነበር።

ልጄ ስትመጣ «ለካ እውነትሽን ነው» አልኳት።

«ስለ ምኑ?»

«ስለ ካንሰሩ። የደበቅሽኝ መስሎኝ ነበር።»

«ማሚ! ዋይ ዉድ አይ? ለምን እደብቅሻለሁ?»

«እኔ ከአባትሽ ስለደበቅሁ።»

ቦርሳዋን ከትከሻዋ አወረደች። ከዚያ የምርመራውን ወረቀት አውጥታ ከጎኔ ተቀመጠች፤ ቃል በቃል አነበብነው። መሳቢያው ውስጥ ያስቀመጥኩትን ወረቀት በማግሥቱ ቀደድኩት።

ከዚያ በኋላ ያለው ልኬን የመማር ሥራ ነው። ጠዋት አጃ፣ ጥቂት። ቀን ሩዝ በካሮት ወይም በዓሣ። ማታ አንድ እንጀራ፣ ረቡዕ ረቡዕ ሱቅ ከሚመጣው ንጹሕ ጤፍ። በጾም ድንችና ሩዝ ይበዛሉ፤ ምስር ሁለት ማንኪያ ብቻ። ሽንኩርትም ይነፋኛል፤ ነጩን በዘይት አሙቄ ሽታውን ካስቀረሁ በኋላ ፍሬውን አወጣለሁ። ያለ ቀይ ሽንኩርት የሠራሁት የመጀመሪያ ወጥ ለሰው የሚቀርብ አልነበረም። ሁልጊዜም አይሳካልኝም፤ ስናደድ ወይም ሳዝን ሩዙም ይቆርጠኛል። ግን አሁን ሲቆርጠኝ ምን እንደሆነ አውቃለሁ፤ ሙቅ ውኃ ጠጥቼ አሳልፈዋለሁ።

የሙት ዓመቱ ተዝካር እትዬ ቤት ተደረገ። ማዕድ ሲቀርብ ወደ ጓዳ ገብቼ ትንሽ ሰሃን ይዤ ወጣሁ።

«ምንድነው እሱ?» አሉ እትዬ።

«ሰሃን ነው፣ እትዬ።»

«አየሁት፤ ዓይኔ ገና አልጠፋም። ተጣላን ወይስ ፈረንጅ ሆንሽ?»

«ሆዴ ነው። ልኩን ካላየሁ ያመኛል።»

«ነይ ተቀመጪ፣ እኔ እያጎረስኩ ልኩን አሳይሻለሁ።»

«አክስቴ፣ የእርስዎ ጉርሻ እኮ ቴኒስ ቦል ያክላል» አለች ልጄ። ሰው ሳቀ፤ እትዬ አልሳቁም።

እንዲቀየሙኝ ስላልፈለግሁ ጎንበስ ብዬ ነገርኳቸው። «እትዬ፣ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ሦስት እንጀራ እያቀረብኩ የእሱንም ድርሻ ስበላ ነው የከረምኩት።»

እጃቸው ትሪው ላይ ቀረ። «ሦስቱንም?»

«ሦስቱንም።»

«የኔ ልጅ» አሉ። ዓይናቸው ሞላ። «ወንድሜ እንኳ በደህናው ቀኑ ይኼን ያህል አይበላም ነበር!» ብለው በእንባቸው መሐል በሳቅ ፍርስ አሉ። ከዚያ ራሳቸው አንድ እንጀራ ለሁለት ቀደው ግማሹን ሰሃኔ ላይ አደረጉልኝ፤ ድንቹንም ጨመሩበት። «ያንቺ ይኼ ነው። የእሱ ዛሬ ለነዳያን ይሄዳል። ገባሽ?»

«ገባኝ።»

የሰሃኔን ጨረስኩ። ሁለተኛ ያቀረበልኝ ሰው አልነበረም፤ እትዬ በዓይናቸው እየከለከሉ ነበር።

ወደ ማታ ሳይሆን ገና ፀሐይ ሳለች ተነሳን። ልጄ ትነዳለች። የመኪናው መንገድ ተዘግቶ ነበር፤ ድልድዩ ላይ አንድ ሰዓት ያህል ቆምን። ሌላ ጊዜ ቢሆን በሩን ይዤ እቁነጠነጥ ነበር። ሮክቪል ከተማ ያለች ጓደኛዋ ጋ ዕቃ አድርሰን ስንመለስ ከበላሁ ሦስት ሰዓት አልፎኛል።

«ማሚ፣ አር ዩ ኦኬ? ሆድሽ እንዴት ነው?»

እጄን ሆዴ ላይ አድርጌ አዳመጥኩ። ቁርጠት የለም፣ ውጥረት የለም። የነበረው ሌላ ነገር ነው፤ ከቀብሩ ወዲህ ረስቼው ስለነበር ስሙ ወዲያው አልመጣልኝም።

«ራበኝ» አልኳት።